ሟቹ የተቀበለው ጓደኛ

ኢርሻድ ያረፈው ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ነርሷ ወረቀት ላይ ስትጽፈው አጠገቧ ቆሜ ስላነበብኩት ነው። የገደለው ወባ ነው። እሁድ ባጃጁን አቁሞ "ትንሽ በረደኝ" ብሎ ገባ፤ ሰኞ ስሜን ረሳ፤ ማክሰኞ ሞተ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር።

እኔ ጀናት እባላለሁ። ኡካ ተወልጄ መቱ ያገባሁ ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን ኢርሻድ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያነባቸው የነበሩትን አሮጌ ጋዜጦች እየለቀምኩ ራሴ ተማርኩ። ስለዚህ አሳምሬ መጻፍ አልችልም። የምጽፈው የሆነውን ነው።

ያን ጠዋት ጋሼ ሙነወር አብረውን ነበሩ። ኢርሻድ የሚሠራበት መስመር የባጃጅ ነጂዎች ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ኢርሻድን መንዳት ያስተማሩት፣ አሥራ ሁለት ዓመት አብረውት የሠሩ። በከተማው ለቅሶ ሲኖር ተነስተው የሚናገሩትም፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑትም እሳቸው ነበሩ። የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ትከሻዬን ሳይነኩኝ ራቅ ብለው ቆሙና፣ "መርዶውን ላድርስ፤ ስልኩን ስጪኝ" አሉኝ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት የሟቹን ስልክ አንድ የታመነ ሰው ይይዝና ውስጡ ስሙ ያለውን ሁሉ እየደወለ ይጠራል። ሰጠኋቸው።

"መክፈቻው?"

"ሙሉካ የተወለደችበት ዓመት" አልኩ፤ ልጃችን ናት።

ሰው ሁሉ በሰዓቱ ደረሰ። ከጎሬም፣ ከበደሌም፣ ከዳሪሙ በእግሩም የመጣ ነበር። ከቀብር ሲመለሱ ግን ጋሼ ሙነወር ኪሳቸውን እየደባበሱ ገቡ። "ስልኩ መቃብሩ ጋ ወድቆብኛል መሰለኝ። ተመልሼ ፈለግሁ፣ የለም። አፉ በይኝ ጀናት።" አፉ አልኩ። ባሌን አፈር ውስጥ ትቼ ስልክ አላሳድድም። ደግሞም የሚያስፈልገኝ በራሴ ስልክ ላይ ነበረ። ኢርሻድ መጻፍ ይሰለቸዋል፤ በሜሴንጀር ድምፁን እየቀዳ ይልክልኝ ነበር። አንድ መቶ አሥራ አራት ድምፆች አሉኝ። ከአንዱ በቀር የሁሉም መጀመሪያ ላይ "ጀኒ ኮ" ይላል፤ የኔ ጀኒ ማለቱ ነው። ሰው ፊት እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን የኢርሻድ ታላቅ ወንድም ጋሼ ኢማድ ዘመዶቹን ሰብስቦ ተናገረ። ጎሬ ሱቅ ያለው፣ ፊቱን የማይፈታ ሰው ነው። "ልጅቷ የወንድሜ ደም ናት። ጎሬ፣ እናታችን ጋ ትደግ" አለ። ሙሉካ ስድስት ዓመቷ ነው። ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር።

ያኔም የተናገሩልኝ ጋሼ ሙነወር ናቸው። "ልጅ ከእናቷ አትነጠልም። ጀናት ዒዳዋን በክብር ትጨርስ። ያኔ የሚናገር አይኖርም።"

"በክብር ከጨረሰች፣ እሺ" አለ ኢማድ።

ዒዳ ማለት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ የምትቀመጥበት ነው። አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ላግባሽ የሚላት ሰው አይኖርም፤ በጥቅሻም ቢሆን ነውር ነው። የልጄ ነገር በዚህ ቀን ላይ ተንጠለጠለ። እስከ የካቲት 21 ስሜ ንጹሕ ከሆነ ሙሉካ የኔ ናት። ካልሆነ የጎሬ።

የኢርሻድ እህት ሁስና አብራኝ ልትቀመጥ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስልክ ላይ የማታውቀው የለም። "መምጣት ያልቻለ ሰው በዚህ ያጽናናሽ" ብላ የኢርሻድን ፎቶ የፌስቡክ ገጼ ላይ ለጠፈችው፤ ባጃጁን ተደግፎ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ሃያ ሰባት ጓደኞች ነበሩኝ፤ ከኢርሻድና ከወንድሙ በቀር ሁሉም ሴቶች። በሳምንቱ ሁስና ስልኩን ይዛ መጣች።

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሪኩዌስት ልኮልሻል። ልሰርዘው?"

ጎረቤታችን እትዬ ሰናይት ተቀምጠው ነበር። ከእኛ ቤት ጋር አጥር እንጂ ሌላ የማይለያቸው፣ ሦስት ባል ቀብሬአለሁ እያሉ የሚቀልዱ ክርስቲያን ናቸው። "ምንድን ነው ሪኩዌስት?" አሉ።

"ግባ በሉኝ እያለ ነው ሰው።"

"ታዲያ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ከበር ይመለሳል እንዴ?"

እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ለቅሶ ሰው አይመረጥበትም። የተጣላኸውም ይገባል፣ የማታውቀውም ይገባል፤ ማነህ ተብሎ አይጠየቅም። የቤቴ በር ክፍት ሆኖ የፌስቡኩ በር ላይ ሰው መመለስ ኃጢአት መሰለኝ። "ሁሉንም ተቀበዪ" አልኳት። እየቆየ ሦስት መቶ አለፈ። እያንዳንዱ ስም ሲገባ ለኢርሻድ አንድ ሰው የቆመለት ይመስለኝ ነበር። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላላክክም።

መጀመሪያ የመጡት ቃላት ደህና ነበሩ። "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።" "አላህ ይዘንለት።" ከአሥር ቀን በኋላ ግን ቃላቱ ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ። "ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ?" "ፎቶሽ የድሮ ነው፣ የአሁኑን ላኪ።" አንዱ በባሌ ፎቶ ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ "አንቺ ቆንጆ፣ አይዞሽ እኔ አለሁልሽ" ብሎ ጻፈ። ስልኩን ባስቀመጥኩት ቁጥር እጄን በሳሙና እታጠብ ነበር። ሁስና ትስቅብኝ ነበር መጀመሪያ ላይ። በኋላ እሷም መታጠብ ጀመረች።

ከሁሉ የከፋው አንድ ነው። ስሙ "የሰብር ሰው" ይላል፤ ፊት የለውም፤ በፊቱ ቦታ የሶር ፏፏቴ ፎቶ ነው ያለው። ለሁለት ሳምንት መልካም መልካም ነገር ጻፈ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ጀነት። እኔም "አሚን" እያልኩ እመልስ ነበር። በሠላሳ አንደኛው ቀን እንዲህ ብሎ ላከ፦ "ዘጠና ሰባት ቀን ቀረሽ።"

አልገባኝም። በማግስቱ "ዘጠና ስድስት።" በሦስተኛው ቀን "ዘጠና አምስት። እኔም አብሬሽ እየቆጠርኩ ነው።"

ያኔ ገባኝ። የእኔን ሐዘን እንደ ጾም መፍቻ የሚጠብቅ ሰው አለ። ባሌን እያሰብኩ የማሳልፈውን ቀን እሱ አንድ አንድ እያለ ይቀንሰዋል። ሁስና ብሎክ አደረገችው። በሁለት ሳምንቱ በአበባ ፎቶ፣ "ወንድማችሁ" በሚል ስም ተመልሶ መጣ፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ ደራሽ መስሎኝ አስገብቼዋለሁ። "ሰማንያ ቀረሽ፣ ጀኒ ኮ" አለ።

ስልኩን ትራስ ሥር ከትቼ ጓሮ ወጣሁ።

እዚህ አገር ውሃው ውስጥ አልቅት አለ። ላም ስትጠጣ እንደ ክር ቀጥኖ ይገባል፤ ሰው አያየውም። ወር ቆይቶ አፍንጫዋ ሲደማ ነው የሚታወቀው፤ ያን ጊዜ ጣት አክሎ ወፍሯል። ያ ቃል እንደዚያ ነው የሆነብኝ። ከኢርሻድ አፍ ወጥቶ በማን በኩል፣ ምን ጠጥቶ እንደተመለሰ አላውቅም። ለሁስና ግን አልነገርኳትም። ባሌ እንዴት ይጠራኝ እንደነበር እህቱ ማወቅ የለባትም ብዬ ነው።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሦስታችን ተቀምጠን ዝርዝሩን ማጽዳት ጀመርን። ሁስና ታነባለች፣ እትዬ ሰናይት መነጽራቸውን አድርገው ይፈርዳሉ።

"ይሄ አንበሳ ማን ነው?" አሉ እትዬ።

"ስሙ 'ብቸኛው' ይላል።"

"ፊት የሌለው ሰው ለቅሶ አይደርስም። አጥፊው።"

"ይሄ መኪና የተደገፈውስ?"

"መኪናው የሱ ነው?"

"አይመስለኝም፣ ታርጋውን በእጁ ሸፍኖታል።"

"የሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ የሚነሳ፣ የሰው ሚስትም መደገፍ ያምረዋል። አጥፊው።"

"ይሄኛው ጋቢ ለብሷል፤ ሽማግሌ ነው" አልኩ እኔ። "ደህና ሰው ይመስላል።"

ሁስና የላከውን ከፍታ አነበበች። "'ብርድ ነው፣ ማን ያቅፍሻል' ይላል።"

እትዬ ሰናይት መነጽራቸውን አወለቁ። "አጥፊው፤ ከነጋቢው።"

ስንጨርስ ሠላሳ አንድ ሰው ቀረ። በሥጋ የማውቃቸው፣ ቤቴ የገቡ፣ እንጀራዬን የበሉ ብቻ። ኢርሻድም እዚያ ውስጥ አለ፤ እሱን ማን ያጠፋዋል። ከዚያ ሁስና አንድ ነገር አስተካከለች። "ከእንግዲህ ሪኩዌስት መላክ የሚችለው የጓደኞችሽ ጓደኛ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ቢፈልግም የሚጫነው ነገር አያገኝም" አለችኝ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ ማለት ነው። ያን ቀን ደህና ተኛሁ።

በማግስቱ አንድ ሪኩዌስት መጣ።

ስሙ "አብሽር"፣ ፎቶው ነጭ እርግብ። ሁስና የማያውቋቸው ሰዎች መልእክት የሚጠራቀምበትን ከፈተች፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው። ሰባ አንድ።

"እሱ ነው" አልኩ። "አይችልም አላልሽኝም?"

"አይችልም። ከሠላሳ አንዱ አንዳቸው ጋ ጓደኛ ካልሆነ አይችልም።" ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፊቷ ተለወጠ። "አንድ የጋራ ጓደኛ ይላል።"

"ማን?"

ስልኩን ሰጠችኝ። ከእርግቧ ሥር ትንሽ ክብ አለ፤ ክቡ ውስጥ ባሌ ባጃጁን ተደግፎ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት።

ሁስና የ"አብሽር"ን ገጽ ከፈተች። ከተከፈተ ሁለት ቀኑ ነው። ያለው ጓደኛ አንድ ብቻ ነው። ኢርሻድ በሞተ በስምንተኛው ሳምንት አዲስ ጓደኛ ተቀብሏል።

ሁስና ቀስ ብላ፣ "ስልኩ መቃብር አልቀረም" አለች። እኔም ያን ጊዜ "ጀኒ ኮ" በማን በኩል እንደመጣ አወቅሁ። ስልኩን ያነሳው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያን መቶ አሥራ አራት ድምፅ ሰምቶታል። ለእኔ የተላከውን። መጋረጃ ዘግቼ የምሰማውን።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋሼ ኢማድ ከጎሬ መጣ፤ ጋሼ ሙነወርም በየዓርቡ እንደሚያደርጉት ስኳር ይዘው መጡ። በረንዳው ላይ የላስቲክ ወንበር ወጣላቸው። ፀሐይ ስለነበረ ጋሼ ሙነወር ጃኬታቸውን አውልቀው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉት። እኔ ከበሩ መጋረጃ ኋላ ከሁስና ጋር ነኝ፤ በስሱ ጨርቅ በኩል አያቸዋለሁ፣ እነሱ አያዩኝም። እትዬ ሰናይት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

"አከም ኦልቴ፣ ጀናት" አሉ ጋሼ ሙነወር በኦሮምኛ። "በርትተሻል?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ኢማድ ሰላምታ አላበዛም። "ጀናት፣ ስልኬ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ገጽሽ ላይ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ጓደኛ ነበር። ወንድ ነው አብዛኛው። በወንድሜ ፎቶ ሥር ቆንጆ ብሎሻል አንዱ። ዒዳ ላይ ያለች ሴት ሦስት መቶ ወንድ ታስገባለች? ሰኞ እናቴ ሙሉካን ልትወስድ ትመጣለች።"

ከመጋረጃው ኋላ ተናገርኩ። "ለቅሶ ደራሾች መስለውኝ ነው፣ ጋሼ ኢማድ። ለቅሶ የመጣን ሰው መመለስ አላውቅም። አሁን አጥፍቻቸዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ነው የቀረው፣ ይዩት።"

"እኔም ነኝ ያልኳት" አሉ እትዬ ሰናይት ጎመኑን ሳያስቀምጡ። "የምትቆጣ ከሆነ እኔን ተቆጣ፤ እኔ ልጅ የለኝም የሚወሰድ።"

ጋሼ ሙነወር ሳል ሳል አሉ። "ሰው ይሳሳታል ኢማድ። ልጅቷ ገና ናት። ጠባቂ የላትም፤ ችግሩ እሱ ነው።"

"ሌላም አለ" አልኩ። "የወንድምዎን ገጽ በስልክዎ ይክፈቱት። ረቡዕ ዕለት አዲስ ጓደኛ ተቀብሏል። ያ ጓደኛ ነው የዒዳዬን ቀን በየቀኑ እየቆጠረ የሚልክልኝ። ስልኩን ያገኘው ሰው ነው።"

ኢማድ ስልኩን አወጣ። ረጅም ጊዜ አየ። "አረንጓዴ ነጥብ አለበት" አለ ቀስ ብሎ። "ኢርሻድ... አሁን አለ ይላል።"

"ተወው ኢማድ" አሉ ጋሼ ሙነወር። "በሞተ ሰው ነገር አይገባም። ለሱም መቃብሩን ማወክ ነው።"

ኢማድ አልሰማም። ሲጽፍ አየሁት። ሁለት ቃል ነው፤ በኋላ አንብቤዋለሁ። "ማነህ አንተ?" ይላል።

የጋሼ ሙነወር ወንበር አጉረመረመ።

ትንሽ ድምፅ ነው። የተሰቀለው ጃኬት ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀጥቅጦ ከላስቲኩ ጋር ሲጋጭ። ሙነወር ወዲያው ወደ ኋላ ተደገፈበት፣ በጀርባው ሊያፍነው። የራሱ ስልክ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ሁላችንም እናየዋለን፣ ጥቁር ነው፣ አልበራም።

ኢማድ ሁለተኛ ጻፈ። ወንበሩ ሁለተኛ አጉረመረመ። ሦስተኛ ጻፈ። የእትዬ ሰናይት እጅ ጎመኑ ላይ ቆመ።

ኢማድ ተነሳና እጁን ዘረጋ። ሙነወር ቀና ብሎ ሳያየው ጃኬቱ ውስጥ ገባና የኢርሻድን ስልክ አውጥቶ ሰጠው። ጠርዙ ላይ ሙሉካ የለጠፈችው ቢራቢሮ እስካሁን አለ። ሲሙን አውጥቶ የራሱን ሁለተኛ ሲም ከቶበት ነበር። ሚስትና አራት ልጆች ስላሉት ቤት ትቶት አይወጣም፤ በዚያ ምክንያት ነው ኪሱ ውስጥ የተገኘው።

ወንበሩ ካጉረመረመ ጀምሮ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

"ለክፉ አይደለም" አለ ሙነወር፣ ያው ለቅሶ ላይ በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ። "ዒዳዋ ሲያልቅ በወጉ ሽማግሌ ልልክ ነበር። እስከዚያ እንድትጽናና ነው። ሁለተኛ ማግባት ሐራም አይደለም።"

ኢማድ አሁንም እንደቆመ ነው። "ዛሬ ስንት ቀረ፣ ሙነወር?"

ሙነወር ይዞት የመጣውን ስኳር ጠጋ አደረገ።

"ጠየቅሁህ እኮ። ስትቆጥር ነበር። ስንት ቀረ?"

"ስልሳ ዘጠኝ" አለች ሁስና ከመጋረጃው ኋላ።

ሙነወር ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። የባጃጁ ሞተር ሦስት ጊዜ አልነሳ አለው፤ እኛ ሁላችን አዳመጥን። እትዬ ሰናይት ስኳሩን አንስተው ተከትለው ወጡና ባጃጁ ውስጥ የኋላ ወንበሩ ላይ አስቀመጡለት። "ስኳርህን ረሳህ" ሲሉት ሰማሁ።

ኢማድ ስልኩን በመጋረጃው ሥር አሳልፎ ሰጠኝ። "ሙሉካ እዚሁ ትሁን" አለ። ይቅርታ አላለኝም፤ ከእሱም አልጠበቅሁም።

ስልኩን ለሁለት ቀን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ጓንት ያደረግሁ ይመስል በሁለት ጣቴ ይዤ ከፈትኩት። ከሞተበት ቀን ጀምሮ ሐዘኔ ሲብስብኝ ለኢርሻድ በሜሴንጀር እጽፍ ነበር፤ ማንም እንደማያነበው አውቄ። "ሙሉካ ዛሬ ጥርሷ ወለቀ።" "ሱሪህን ለማንም አልሰጠሁም።" አንድም ሳይከፈት የቀረ የለም፤ ሁሉም ተነቧል። ሙነወር ፎቶዎቼን ነጥሎ አንድ ቦታ ሰብስቧቸዋል። በሐዘን ፊቴን ተከናንቤ የተነሳሁትም አለበት።

ድምፆቹን ልሰማ ሞከርኩ። አንዱን ከፈትኩ፤ "ጀኒ ኮ" ሲል ከኢርሻድ ድምፅ ሥር የሙነወርን ሳል የሰማሁ መሰለኝ፤ ዘጋሁት። ሌላ ሰው የላሰውን ማንኪያ አጥበህም ቢሆን አፍህ ውስጥ አትከተውም። ቀን ቆጥሬ ሞከርኩ፣ ሳምንት ቆጥሬ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከእኔ የወሰደው ያን ነው፤ በሕይወቴ የሚመልሰው ሰው የለም።

ዒዳዬ ሐሙስ የካቲት 21 ቀን አለቀ። ያን ጠዋት ሁስና አጠገቤ ተቀምጣ የኢርሻድን ገጽ ዘጋችው። "ድምፆቹም ይጥፉ?" አለችኝ። ይጥፉ አልኳት። መቶ አሥራ ሦስቱን በየተራ ሰረዝናቸው። አንዱን አስቀረሁ፤ "ጀኒ ኮ" የማይልበት እሱ ብቻ ነው። ከመኪና መናኸሪያው ነው የላከው፤ ጫጫታ አለ። "የሙሉካን ጫማ አግኝቼዋለሁ፣ ወንበሩ ሥር ነው ያለው፣ አትፈልጉ" ይላል።

ሙነወር አሁንም ባጃጅ ይነዳል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ባለፈው ሚያዝያ ቀበሌያችን ውስጥ በነበረ ለቅሶ ላይ ተነስቶ ስለ ትዕግሥት የተናገረው እሱ ነው፤ ሰዎችም አንገታቸውን ደፍተው አሚን አሉ።

ሙሉካ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቷ ያለው መስመር የሙነወር ነው። በእግራችን እንሄዳለን፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።